የልጅነት መንገድ ርዝመት፦ ከስደት በፊትና በኋላ

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በተለይም በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና የሚጠጡ የአዲስ አበባ ልጆች ድሮ ወደ ትምህርት ቤት የሄዱበት መንገድ በየዓመቱ ይረዝማል። ይህ የሥነ ምድር ሊቃውንት እስካሁን ችላ ያሉት ክስተት ነው። ከካዛንቺስ አራት ኪሎ፣ ቤተ መንግሥቱን ታክኮ፣ ለልጅ እግር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የመንገዱ ባለቤት አሜሪካ በገባ ሰሞንም ግማሽ ሰዓት ነበር። ግሪን ካርድ ሲያገኝ አንድ ሰዓት ሞላ። ዜግነት ወስዶ ቃለ መሐላ በፈጸመ ማግስት ጅብ ገባበት።

የዚህ ጥናት ናሙና የተመረጠው በጥብቅ ሳይንሳዊ ዘዴ ነው፤ በረካው ሳይጠጣ የተነሣ ሰው ተሰርዟል። የቀሩት አብዛኞቹ በደርግ ዘመን ያደጉ ናቸው። ገሚሶቹ በሱዳን በኩል በስደተኝነት የመጡ፣ ገሚሶቹ ዲቪ ከተጀመረበት ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ የገቡ ናቸው። ለማነጻጸሪያ እንዲሆኑ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡ አሜሪካ የተወለዱ ልጆቻቸውም ታይተዋል። ከእነዚህ አንዱ ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ «ዳዲ፣ በእግር ሃያ ምናምን ደቂቃ ነው የሚለው» ቢል፣ አባትየው ሳይደናገጥ «ካርታው ጅቡን አያውቅም» ብሎ መልሷል። መልሱ በዘዴ ረገድ እንከን የለውም።

የዝናቡ ጉዳይ ግን ጥናቱን ክፉኛ አስቸግሮታል። ሁሉም መረጃ ሰጪዎች ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጎርፍ እየተሻገሩ እንደተማሩ በአንድ ድምፅ ይመሰክራሉ። የአዲስ አበባ ዝናብ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደግሞ ሰኔ 30፣ የሚከፈተው መስከረም። እንግዲህ ያለን አማራጭ ሁለት ነው፤ ወይ ጎርፉ በስደት ላይ ሳለ ወር ቀይሯል፣ ወይ እነዚህ ልጆች ክረምቱን ሙሉ ወደ ተዘጋ ትምህርት ቤት ሲመላለሱ ከርመዋል። ሁለተኛው ከሆነ ስለ ደረጃቸው የሚናገሩትን ለማመን ይቀላል።

ከመካከላቸው ከሦስተኛ በታች የወጣ አልተገኘምና። በዚያ ዘመን በፈረቃ በሚማር አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሰባ ሰማንያ ልጅ፣ ሦስት ሦስት ሆኖ በአንድ ዴስክ ይታጨቅ ነበር። ከአራተኛ እስከ መጨረሻ የወጣው ያ ሁሉ ሕዝብ የት ገባ? ዲቪ ይጠይቅ የነበረው 12ኛ ክፍል መጨረስን ወይም የሥራ ልምድን እንጂ ደረጃን አልነበረም። ከሰኔ 30 ጠብም የተረፈው መረጃ ከዚህ የባሰ የተዛባ ነው። ዓመቱን ሙሉ «ሰኔ 30 እንገናኛለን» ሲባባል የከረመ ሁሉ የዚያን ቀን ደብዳቢ ነበር። የተደበደበ የለም። ካርዱን ተቀብሎ በአጥር ዘሎ ያመለጠ ልጅ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ቢፈለግ ጠፍቷል።

ቴሌቪዥኑም እንዲሁ ነው። አባባ ተስፋዬን፣ በሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉን፣ ያልተመለከተ የለም፤ የልጆችን ክፍለ ጊዜ ከአርባ ዓመት በላይ ስለመሩ ይህ አያስገርምም። የሚያስገርመው ሁሉም ያየው ጎረቤት ቤት መሆኑ ነው። እግሩን ታጥቦ ከምንጣፉ ዳር የተቀመጠ፣ ቦታ ሲጠፋ በመስኮት የተንጠለጠለ፣ «በቃ ወደየቤታችሁ» ሲባል ያኮረፈ እልፍ ነው። ጎረቤቱ ራሱ ግን የለም። ባለቴሌቪዥኖቹ በጅምላ ወዴት እንደተሰደዱ ለሌላ ተመራማሪ እንተወዋለን።

ኳስን በአጭሩ እንለፈው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከተመሠረተበት ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየበጋው ከተማ እየቀያየረ በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ፣ ጉልበቱን ባይመታ ኖሮ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ይፈርም የነበረ ሰው በየወንበሩ አለ። ክለቡ ሁሉንም አስፈርሞ ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ ስታዲየም ተመልካች አይገኝለትም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልዩ ትኩረት የሚገባው የደርግ ዘመን የስኳር ሰልፍ ነው። የቀበሌው የኅብረት ሱቅ ስኳር መጣ ከተባለ፣ ልጅ ገና ሳይነጋ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ኩፖንና ዘንቢል ተሰጥቶት ይላካል። ሰዓት እላፊ ስላለ ወረፋውን ከማታው ድንጋይ ይይዘዋል። የማን ድንጋይ የት እንዳለ ሰፈሩ ያውቃል፤ ሌሊት ድንጋይ ያንቀሳቀሰ ጠዋት ይሰደባል፣ ከነዘሩ። ፀሐይ ሲወጣ ድንጋዩ ይነሣና ልጁ በቦታው ይቆማል። እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ይከፈታል፣ ወይም «አልቋል» ይባላል። ይህንን ያሳለፈ ሰው «በሕግ አምላክ» ብሎ ሊያማርር ይገባው ነበር። ዛሬ እነዚሁ ሰዎች መድኃኒት ቤት ገብተው ከፊታቸው ሁለት ሰው ቆሞ ካዩ «ይሄ አገር አለቀለት» ይላሉ። የስኳሩ ሰልፍ ሲነሣ ግን ድምፃቸው ይለሰልሳል፣ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ያስጠጋሉ።

ምክንያቱን ለማወቅ አንዱን መረጃ ሰጪ ስኳሩ ደርሶት እንደሆነ ጠየቅነው። ከኋላው ስለቆመችው ልጅ ሹራብ ነገረን። ጥያቄውን ደገምንለት። ሹራቡ ሰማያዊ እንደነበር አረጋገጠልን። ሌላዋ ደግሞ ብርዱን ለመርሳት ከሰልፉ ጎን ሱዚ እንደዘለሉና ትልልቆቹ ወንዶች ቆርኪ ሲጫወቱ ስኳሩ አልቆ እንደነበር፣ እናቷም እንደቆነጠጠቻት፣ ቁንጥጫውም የት ላይ እንዳረፈ በዝርዝር አስረዳች። ኪሎው ስንት ይሸጥ እንደነበር ከጠረጴዛው ዙሪያ የሚያውቅ አልተገኘም። ኢኮኖሚስቶች ይህን የመረጃ ክፍተት ይሉታል። እኛ ስለ አርጩሜ ስንጠይቅ ያገኘነውም ያው ነው፤ ያን ሁሉ ኩርኩም የቀመሰ ጭንቅላት ሕመሙን ጥሎ መምህሩ ሲቆጡ የሚያሳዩትን አንድ የወርቅ ጥርስ ብቻ ይዞ ውቅያኖስ ተሻግሯል።

እስከዚህ ድረስ ጥናቱ በአንድ ቀላል መላ ምት ይመራ ነበር፤ መንገዱን የሚያስረዝመው ውቅያኖሱ ነው የሚል። ሥራው ሊጠናቀቅ ሲል ግን የጥናቱ መስክ ራሱ ፈረሰ። በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት የፒያሳ ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 መግቢያ ላይ ደግሞ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ተነሡ። ከካዛንቺስ ብዙው ነዋሪ ወደ ገላን ጉራ ሄደ። ዜናው ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ያስከተለው ውጤት ግልጽ ነበር። «ሰፈሬ እንዳለ አለ፣ አንድ ቀን ሄጄ አሳያችኋለሁ» ይል የነበረ አባት ልጆቹ ፊት ማስረጃ አጣ፤ የመንገዱም ርዝመት የሚከራከረው ስለሌለ በዚያው ሳምንት እጥፍ ሆነ።

ያልጠበቅነው ገላን ጉራ ላይ የታየው ነው። በሁለት የካዛንቺስ ልጆች መካከል የሰፈሩ ሱቅ ከመንገዱ በስተግራ ነበር በስተቀኝ በሚል ክርክር ተነሥቶ፣ ለዳኝነት አገር ቤት ቀርታ ገላን ጉራ ወደገባች የአንዳቸው እህት ተደወለ። ድሮ እንዲህ ያለ ጉዳይ በአንድ ደቂቃ ይፈታ ነበር፤ መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ታየዋለች፣ ትነግራቸዋለች። አሁን ግን እሷም አሰብ አድርጋ ስለ ባለሱቁ ደግነት፣ ስለ ዱቤ መዝገቡና ስለ ቡሄ ሙልሙል ታወራ ጀመር። ፓስፖርት አውጥታ አታውቅም፤ ዲቪም ሞልታ አታውቅም። በንግግሯ መሐል «እኛ ሰፈር እያለን» የሚል አነጋገር ተሰምቷል፤ ይህ ቀደም ሲል በሜሪላንድ ብቻ ይበቅላል ተብሎ የተመዘገበ ነው።

ቀጥላም ጥያቄ አቀረበች። ዕቃ ሲጫን ፎቶዎቹ ስለጠፉባት፣ እዚያ ያለው ካለ ይላክላት። ከአርባ ዓመት በላይ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹና ፎቶው የሚጓዘው ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ነበር። ሰፈር ወደ ኋላ ሲላክ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ከአንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ የአንድ ጥምቀት ፎቶ ተገኝቶ በቫይበር ተላከላት። መንገዱ ይታያል፣ ልጆቹ በነጭ ልብስ ተሰልፈዋል፣ ከኋላ የቆርቆሮ አጥር አለ። ሱቁ የት እንደነበር ግን አሁንም አልታወቀም፤ ፎቶ አንሺው ቆሞ ያነሣቸው ከሱቁ ደጃፍ ላይ ነው።