ጀርባ ሰጪ ወፎች በሰቆጣ ጓሮ፦ ቅድመ ጥናት

በአገራችን የወፍ ጥናት የጀመረው ፈረንጅ ነው የሚባለው ነገር መታረም ይኖርበታል። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ሰው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ ስሜንንና ጎንደርን ሲዞር፣ ወፍ እየገደለና ቆዳውን እየገፈፈ ወደ አገሩ ይልክ ነበር። በዚያው ዘመን በዋግ ደጃፍ ሁሉ ስጥ የሚጠብቁ እናቶች ነበሩ፤ በልምድ ከእሱ አያንሱም። ልዩነቱ የዘዴ ነው። ሩፔል የሚያጠናው በጠመንጃ ነው፤ እነሱ የሚያጠኑት በረጅም ዘንግና «እሽ!» በማለት ነው። በሩፔል ዘዴ አንድ ወፍ የሚጠናው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በእናቶቻችን ዘዴ ያው ወፍ ወዲያው ተመልሶ ስለሚመጣ ጥናቱ ማቆሚያ የለውም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላደገ አንባቢ የጥናቱን ቦታ መግለጽ ያስፈልጋል። ስጥ ማለት ታጥቦ ወይም በቅሎ ፀሐይ ላይ የተዘረጋ እህል ነው፤ ስንዴ፣ ማሽላ፣ ብቅል፣ አንዳንዴም በርበሬ። የሚዘረጋው በጀንዲ ላይ ነበር፤ ዛሬ የማዳበሪያ ከረጢት ተተርትሮ ይነጠፋል። ዋና ተመልካቿ (የአጥኚው እናት ናት) በሩ ጥግ ጥላ ይዛ ትቀመጣለች። ዘንጓ ጉልበቷ ላይ ነው፤ በእጇ ጥጥ ትፈትላለች። ዓይኗ እንዝርቱ ላይ ያለ ይመስላል፤ ወፎቹም እንደዚያ መስሏቸው ነው የሚመጡት። አጥኚው ከኋላዋ ስልኩን ይዞ ይቆማል። በውጭ አገር ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ክንድ የሚያህል ሌንስ እንዳላቸው በሥዕል አይተናል። ወፏ ያንን አይታ ነው ዝም ብላ የምትቆምላቸው፤ ሌላ ምክንያት የለም።

ስለ ምደባው። የተማሩት ሰዎች ወፍን በምንቃሩና በእግሩ ይከፍሉታል። እኛ የምንከተለው በሰቆጣና በአበርገሌ የቆየውን ሥርዓት ነው፤ በወሰደው ነገር። በዚህ መሠረት ለቃሚ፣ ነጣቂ እና ተመልካች የሚባሉ ሦስት ወገኖች አሉ።

ከለቃሚዎች ግንባር ቀደሟ ድንቢጥ ናት፤ ዋኔም ትከተላለች። ድንቢጥ አንዲት ፍሬ ይዛ ትሄዳለች፤ ጉዳቷ ትንሽ ነው ይባላል። ይህን የሚሉት ግን ስጥ ጠብቀው የማያውቁ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። አንዳንድ ሰዎች እህሉን በበርበሬ ስጥ ቢከቡት ወፍ እንደሚፈራ ያስባሉ። ወፍ በርበሬ አያቃጥለውም። እኛን የሚለበልበን ነገር የወፍ አፍ ላይ ምንም አይሠራም፤ ተክሉም የተጠቀመው በዚሁ ነው፣ ወፍ ፍሬውን በልቶ ዘሩን ሩቅ ይጥልለታል። ስለዚህ በርበሬ ለአጥርነት አይሆንም። የሚሆነው ለምሳ ነው።

ነጣቂ ማለት ጭልፊት ነው። ስለ ጭልፊት የምንለው አጭር ነው፤ እሱም አጭር ነገር ነው። ጫጩት ነበረች፤ ጫጩት የለችም። ዶሮዋ ከሁላችንም ቀድማ ታየዋለች፤ ትጮኻለች። ዋና ተመልካቿ ደግሞ ትጮኻለች። አጥኚው ስልኩን ይከፍታል። የዚህ ወገን ፎቶዎች ሁሉ የሰማይ ፎቶዎች ናቸው፤ ሰማዩም ቆንጆ ነው የወጣው።

በአበርገሌ በኩል ንብ ያላቸው ዘመዶቻችን በነጣቂዎቹ ላይ ሌላም እንድንጨምር ጠይቀውናል፤ ንብ የምትበላውን ወፍ። ይህች ወፍ ከቀፎው አጠገብ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ የወጣችውን ንብ በአየር ላይ ትቀልባለች፤ ከዚያ መርዟ እስኪወጣ ንቢቱን እንጨቱ ላይ ፈትጋ ፈትጋ ትውጣታለች። ላባዋ ከጥልፍ ቀሚስ የደመቀ ስለሆነ ለፎቶ የሚፈለግ ነው። የቀፎው ባለቤት ግን «ቆንጆ ናት» የሚል ሰው አጠገቡ ሲቆም ደስ አይለውም።

ግሪሳን ከዚህ ጥናት አውጥተነዋል። በዓለም ላይ ካሉ የዱር ወፎች በብዛቱ የሚስተካከለው የለም፤ በቢሊዮን ነው የሚገመተው። በቆላ ማሽላ ላይ እንደ ደመና ሲወርድ ማንም ፎቶ አያነሣውም። እሱን የሚያጠናው ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውል ልጅ ነው፤ ያ ልጅ በዚያ ሰዓት መዋል የነበረበት ሌላ ቦታ ነበር። ጓሯችን ውስጥ ስላልገባ እናልፈዋለን።

ተመልካች የምንለው ምንም ሳይወስድ የሚያየንን ነው። ጥንብ አንሳ እዚህ ይመደባል። ከቄራው አካባቢ ይነሣና ከግቢያችን በላይ ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ሁላችንም በሕይወት መኖራችንን ሲያረጋግጥ ይሄዳል። አንዱ ዓይነት በሩፔል ስም ይጠራል። በዓለም ላይ እጅግ ለመጥፋት ተቃርበዋል ተብለው ከተመዘገቡት አንዱ ነው፤ ምዝገባው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንዱ በአቢጃን ሰማይ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል፤ ከፍታው 11,300 ሜትር ያህል ነበር። ከዚህ በላይ የበረረ ወፍ አልተመዘገበም። ይህንን ለዋና ተመልካቿ ስንነግራት «እዚያ ላይ ምን ሊበላ ወጣ?» አለች። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ እዚህ አስፍረነዋል።

ባለ አራት እግሮቹን በአንድ አንቀጽ እንጨርሳቸው። ሽኮኮ ድንጋይ አጥሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ የቅርብ ዘመዱ ዝሆን መሆኑ በሳይንስ የታወቀ ቢሆንም በአኗኗሩ ምንም አይታይበትም። ጅብ በሌሊት ይመጣል፤ ፎቶው ጥቁር ሆኖ መሐሉ ላይ ሁለት አረንጓዴ ነጥብ አለው። ያንኑ ፎቶ ድመት ነው ብለን ለሌላ ሰው ብናሳይ አይቃወምም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ወደ ጀርባ ሰጪው።

ጀርባ ሰጪ ራሱን የቻለ ወገን አይደለም። ከለቃሚዎችም ከተመልካቾችም የሚወጣ፣ ስልክ ሲያይ የሚገለጥ ጠባይ ነው። አራት ዓይነት አለው። አንደኛው ከመጀመሪያው ጀርባውን ሰጥቶ የሚያርፍ ነው፤ ሐቀኛ ወፍ ነው፣ ምንም ተስፋ አይሰጥም። ሁለተኛው ፊቱን ወደኛ አድርጎ ያርፋል፤ ስልኩ ከኪስ ሲወጣ ይዞራል። ሦስተኛው ግማሽ ብቻ ዞሮ በአንድ ዓይኑ ይከታተላል። አራተኛው ጀርባውን ሰጥቶ ጭራውን ከፍ ያደርጋል፤ በዚህ ዓይነቱ ላይ በዝርዝር መጻፍ ለመጽሔቱ ክብር አይመጥንም።

አንባቢ «ወፉ ስላላየህ ነው» ሊል ይችላል። አይደለም። የአብዛኛው ወፍ ዓይን እንደኛ ፊት ለፊት የተተከለ አይደለም፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ነው። ስለዚህ ርግብ ጀርባዋን ሰጥታም ከኋላዋ ያለውን ከሞላ ጎደል ታያለች። ይህ ጉዳዩን ከባድ ያደርገዋል። ሰው ጀርባ ሲሰጥህ ቢያንስ አላየህም ብለህ ትጽናናለህ።

ጥናቱ ሲገፋ ግን ያልጠበቅነው ነገር ተገኘ። የደጋችን ቁራ፣ ያ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር መኖሪያ የለውም ማለት ይቻላል። ከምንቃሩ እስከ ጭራው ከ60 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ በዓለም ካሉት የቁራ ዘሮች ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ሥራውም የታወቀ ነው፤ ፋንድያውን በዚያ ምንቃሩ ግራና ቀኝ እየበተነ ትል ይፈልጋል፤ ትሉን ካጣ የተሰጣ ብቅል ይገለብጣል፤ ሳሙናም ይወስዳል። ሩፔል በ1836 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ሲያስተዋውቀው ከምንቃሩ ቀጥሎ ምልክቱ ምን ነበር? ነጭ ነቁጥ። የት ላይ? ማጅራቱ ላይ።

ይህ ድንገተኛ ነገር እንዳይመስለን ርግቧን እንይ። ገደልና ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን የምትወደው የደጋ ርግብ፣ ላሊበላን የረገጠ ሁሉ የሚያውቃት፣ እሷም የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ናት። በ1837 እ.ኤ.አ. ያስመዘገባት ያው ሩፔል ነው። መለያዋ ነጭ አንገትጌ ነው። የት በኩል? ከኋላ።

እንግዲህ በዚህ ደጋ ወፍ መታወቂያውን የሚይዘው ማጅራቱ ላይ ነው። ጀርባውን ሲሰጠን እየናቀን ነው ብለን ያዘንነው በከንቱ ነበር፤ ወረቀቱን እያሳየን ኖሯል። ይህን ግኝት ለዋና ተመልካቿ በደስታ አቀረብንላት። ፎቶውን አየችና «ይኼማ ትናንት ብቅሉን የገለበጠው ነው» አለች። ፈረንጆች አንዱን ወፍ ከሌላው ለመለየት እግሩ ላይ ቀለበት ያስራሉ። እሷ በማጅራቱ ታውቀዋለች፤ ጠባዩንም ጨምራ ትነግርሃለች። የቱ ቁራ ፈሪ እንደሆነ፣ የቱ ደግሞ «እሽ» ሲባል አንድ እርምጃ ብቻ ዘሎ ቆሞ እንደሚያይ፣ የቱ ዘንጓን አይቶ ዘንጓ የት ድረስ እንደምትደርስ ለክቶ ከዚያ አንድ ስንዝር ወጣ ብሎ እንደሚለቅም። የመጨረሻውን በተለየ ጥላቻ ነው የምታነሣው። እኛ እንኳ ቀኑን ሙሉ ቀርቶባት እንደሆነ በዓይኗ ስትፈልገው አይተናታል።

ንድፈ ሐሳባችን የተሰናከለው በገደል ላይ በሚኖረው ጥቁር ወፍ ነው፤ ክንፉ ሲዘረጋ ቀይ የሚመስለው፣ ምንቃሩ ነጭ የሆነው። ይህም የሩፔል ነው፤ ይህም የዚህ አገር ነው። መታወቂያው ግን ከፊት ነው። በማስረጃችን ውስጥ ከዚህ ወፍ ፊቱን የሰጠን አንድም የለም። ያሉን ፎቶዎች ጥቁር ጀርባ፣ ጥቁር ጭራ፣ ከኋላው ግድግዳ ናቸው። ከቁራው ፎቶ አጠገብ ሲቀመጡ ትንሹ ቁራ ይመስላል። ወፍ መታወቂያው በየት በኩል እንዳለ ያውቃል ያልነው ለሁለቱ ብቻ የሚሠራ ሆነ፤ ወይም ሦስተኛው ያውቃል፣ አውቆም ይደብቃል።

በዚህ መካከል በጥናቱ አባላት መካከል አለመግባባት ተነሣ። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ወፉ እንዲቆይ ይፈልጋል፤ ስጥ የሚጠብቅ ሰው እንዲሄድ። አጥኚው «እማዬ፣ ትንሽ ዝም በይ፣ እየዞረ ነው» ሲል፣ ዋና ተመልካቿ «የማን ስንዴ ነው?» ትላለች፤ ዘንጉም ይነሣል። ለዕርቅ ሲባል ከድንጋይ አጥሩ ሥር እፍኝ እህል ለብቻው እንዲበተን ተስማማን፤ ወፎቹ እዚያ ይበሉ፣ ፎቶውም እዚያ ይነሣ። እናቴ ይህን «ግብር ማብላት» አለችው። ወፎቹ መጀመሪያ ግብሩን በሉ፤ ከዚያ ወደ ስጡ መጡ። ቁጥራቸውም ጨምሮ ነበር፤ ወሬው ሳይሰማ አይቀርም። አጥኚው ግን እፍኙ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበ። ያ ሐሳብ በቃለ ጉባኤ አልተያዘም።

ምደባውን እዚህ ላይ የምንተወው ሌላ ምክንያት ስላለን ነው። ፎቶዎቹን ሁሉ ተቀምጠን ስናገላብጥ፣ ከጭልፊቱ ሰማይና ከቁራዎቹ ማጅራት መካከል አንድ እንከን የሌለው ፎቶ ተገኘ። ብርሃኑ ከጎን፣ ወፏ በቅርብ፣ ፊቷ ሙሉ በሙሉ ወደ ካሜራው፣ ዓይኗ ጥርት ብሎ፣ ምንቃሯ ላይ ሦስት ፍሬ ስንዴ ጭምር ይታያል። ከስጡ መሐል ቆማለች፤ ከሦስቱ ወገኖች በየትኛውም አልተመደበችም። የጎረቤታችን ዶሮ ናት።

እናቴ እስከዚያ ቀን ስልኩን «ይህ ነገር» ከማለት በቀር ስም አልሰጠችውም ነበር። ያን ዕለት ግን ነጠላዋን አስተካክላ «አምጣው» አለችኝና አጥሩን ዞረን ሄድን። ጎረቤታችን ስልኩን አራቃ ይዛ ብዙ ጊዜ አየችው። በዶሮ ምደባ ሩፔል አጠገቧ አይደርስም፤ ገብስማ፣ ወሰራ፣ አንገተ መላጣ እያለች ከነእናት አባታቸው ትቆጥራቸዋለች።

«የኔዋ ገብስማ ናት» አለች። «ይቺ ወደ ወሰራ ታደላለች።»

«ኧረ እቴ! ያቺው ናት እንጂ!» አለች እናቴ።

«በፊቷ አላውቃትም። ከኋላዋ አንሥተህ አምጣልኝ፣ ልጄ። እኔ ሁልጊዜ ወደ እናንተ ግቢ ስትሄድ ነው የማያት።»