ጉበት አይጾምም

በየሰፈሩ ከሐኪም በላይ የሆኑ ሊቃውንት ስላሉን ምስጋና ይድረሳቸው። ሐኪሙ ለዓመታት ተምሮ «ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል፤ ይቺን ክኒን በየማታው ውሰድ» ይላል። ታካሚው ወረቀቱን እንደያዘ ቡና ላይ ይደርሳል፤ ሁለተኛው ሲኒ ሳይቀዳ ፍርዱ ይገለበጣል። «ክኒን? እንዳትጀምር! አንዴ ከጀመርክ ማቆሚያ የለውም። በምግብ ነው የምታወርደው!» የሐኪሙ ማዘዣ ኮመዲኖ ውስጥ ይገባል፤ በማግስቱ ጠዋት ሎሚ በሞቀ ውሃ ይጀመራል።

የዚህ ሕክምና ውበቱ ከገበታ ላይ አንድም ነገር አለማንሳቱ ነው። ክትፎው በቦታው አለ፤ ቅቤውም አለ። የሚደረገው ነገር ቢኖር በላዩ ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ጥቁር አዝሙድና የሽፈራው ቅጠል መጨመር ነው። ቅቤው ያስገባውን እነሱ ተከታትለው ያስወጡታል።

አሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ያሉ ተመራማሪዎች ይህ ጥበብ ሳይገለጥላቸው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ባደረጉት ጥናት በክኒን መልክ የተዘጋጁ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ቀረፋና ሌሎችንም ሮዙቫስታቲን ከተባለው መድኃኒት ጋር አወዳደሩ። መድኃኒቱ በአነስተኛ መጠን፣ በ5 ሚሊ ግራም፣ በ28 ቀን ውስጥ መጥፎውን ኮሌስትሮል (ኤልዲኤልን) 38 በመቶ ያህል አወረደው። የተቀሩት ከማስመሰያ ክኒን የተሻለ ነገር አልሠሩም። ነጭ ሽንኩርት በወሰዱት ላይማ ጭራሽ ከፍ ብሎ ተገኘ! ስህተታቸው ግልጽ ነው፤ የሐበሻ ነጭ ሽንኩርት አላገኙም።

ደግሞም ክኒን «ኬሚካል» ነው፤ እኛ የተፈጥሮ ወዳጆች ነን። አኪራ ኤንዶ የሚባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጋታዎችን ሲፈትሹ ከርመው እ.ኤ.አ. በ1973 የመጀመሪያውን ስታቲን (የኮሌስትሮል ማውረጃውን መድኃኒት) አገኙ፤ ያገኙትም ከኪዮቶ እህል መደብር በተወሰደ ሩዝ ላይ ከነበረ ሻጋታ ነው። ይህን ለሊቃውንታችን ብትነግሯቸው አይደነግጡም። በእነሱ ሕግ አንድ ነገር ተፈጥሯዊ የሚሆነው ሐኪም እስኪያዘው ድረስ ብቻ ነው።

ከሁሉ የምደነቀው ግን በጾሙ ክርክር ነው። «ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ጾሜያለሁ፤ ቅቤ በአፌ አልዞረም፤ ኮሌስትሮል ከየት መጣብኝ?» ከገዛ ጉበትህ ነዋ! ሰውነታችን ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚያመርተው ራሱ ሰውነታችን ነው፤ ዋናው ፋብሪካም ጉበት ነው። ጉበት ንስሐ አባት የለውም፤ ረቡዕን ከማክሰኞ አይለይም። ከ250 ሰው አንዱ ያህል ደግሞ ከወላጆቹ በወረሰው ዘረ መል የተነሳ ጎመን ብቻ እየበላም ኤልዲኤሉ ሰማይ ይነካል። የጾሙ ወጥስ በምን ተቁላላ? በሚረጋው የፓልም ዘይት። የዚህ ዘይት ግማሽ ያህሉ ልክ እንደ ቅቤው ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርግ ስብ ነው። ከእንስሳ ስላልመጣ ጾም አያስገድፍም፤ ከዚያ በላይ ምን ይጠየቃል? በሰሙነ ሕማማት ደም ተመርምሮ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ካለ «አላልኩህም?» ይባላል። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ የሚመረመር ሞኝ ግን አልተወለደም።

ምግብ ኮሌስትሮል አያወርድም የሚል ካለ እሱም ተሳስቷል። ያወርዳል። ካናዳ ውስጥ ቶሮንቶ ላይ ዴቪድ ጄንኪንስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት አጃ፣ ገብስ፣ አኩሪ አተር፣ አልሞንድ፣ ባሚያና ደበርጃን በየቀኑ የበሉ ሰዎች ኤልዲኤል በአንድ ወር ውስጥ ወደ 29 በመቶ ወረደ፤ ሎቫስታቲን የተባለውን ስታቲን የወሰዱት ደግሞ ወደ 31። ብዙም አይራራቁም። ችግሩ ምግቡ ተመጥኖ የቀረበላቸው መሆኑ ነው። በኋላ በሌላ ጥናት ምክሩን ብቻ ተቀብለው በየቤታቸው እንዲያበስሉ የተደረጉት ሰዎች ከ13 እስከ 14 በመቶ ያህል ብቻ አወረዱ። የልብ ሕመም አደጋው አነስተኛ ለሆነ ሰው ይህም ቀላል አይደለም፤ ሐኪሙ ራሱ ከዚህ ሊጀምር ይችላል። ኤልዲኤሉ 190 ላለፈ ወይም ልቡን አንዴ ለታመመ ሰው ግን አይበቃም።

ለሊቃውንታችን ግን ይህ ሁሉ ከርዕስ መውጣት ነው። በቅቤ ፋንታ በየቀኑ ባሚያና ገብስ? እግዜር ያሳያችሁ! እኛ የምንፈልገው ቅቤውን ሳይነካ ቁጥሩን ብቻ የሚያወርድ ምግብ ነው። እስኪገኝ ድረስ «አያመኝም» የሚባል አስተማማኝ ምርመራ አለን። ኮሌስትሮል ደም ሥር እስኪዘጋ ድረስ ድምፁን አያሰማም፤ እኛም በጨዋነቱ አንጠረጥረውም።

ቅዳሜ ቁርጥ ቤት ብትገቡ ሕክምናው በሥራ ላይ ሲውል ታያላችሁ። የበሬ ጮማ ከአዋዜና ሚጥሚጣ ጋር ይቀርባል፤ ስቡን አረቄ ያቀልጠዋል ስለሚባል እሱም ይከተላል። አንድ ታካሚ ሥጋ ቆራጩን ይጠራና፦

«ወንድሜ፣ ጮማውን አትሰስትብኝ እንጂ! እኔ'ኮ ጠዋት ሎሚዬን ጠጥቻለሁ።»