ያልተመራ ምስማር

አማርኛ ለአለቆች ያደላል። ለአናጢው፣ ለሸማኔው፣ ለገበሬው ላብ የሚጠይቅ ግስ ሰጥቶ፣ ለእነሱ ግን አንዱን ግስ ከነሁለት ትርጉሙ መርቆላቸዋል። ሰው አስከትሎ ከፊት የሚሄድ «መራ» ይባላል። የደረሰውን ደብዳቤ ጥግ ላይ ጫር አድርጎ ወደ ሌላ ሰው ጠረጴዛ የሚያሻግርም «መራ» ይባላል። የፊተኛው ሥራ ያደክማል፤ አንዳንዴም ያስሞታል። የኋለኛው አንድ እስክሪብቶ ብቻ ይፈልጋል። ደመወዙ እኩል ከሆነ፣ ብልህ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ለእርስዎ ለአዲሱ ተሿሚ አልነግርዎትም።

እንኳን ደስ አለዎት። ሹመትዎን እንደሰማሁ ኬክ ይዤ ከምመጣ፣ ለዓመታት በአለቆቼ በር ላይ ቆሜ የቀሰምኩትን ጥበብ ላካፍልዎ ወደድኩ። ስለ አመራር የተጻፈ መጽሐፍ ሞልቷል። አሜሪካዊው ጆን ማክስዌል በ1998 እ.ኤ.አ. ሃያ አንድ የመሪነት ሕጎችን ደርድሮ መከረኛ አንባቢውን ሲያሸመድድ ኖሯል። እርስዎ ሃያውን ይተዉት። አንዷ ትበቃዎታለች፦ ምንም ነገር በእጅዎ አይደር።

እንዴት? በምሳሌ ላስረዳ። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ስሙ ይቆይ። የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ በአንድ ጥግ ያፈስ ነበር። ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ በመጋቢት ወር «ክረምት ሳይገባ ጣሪያው ይጠገንልን» የሚል የስድስት መስመር ደብዳቤ ጻፉ። በሽታው የሦስት ምስማር መውለቅ ነው። ደብዳቤው ዋና ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም መሪ ናቸውና መሩት፦ «ለምክትል ሥራ አስኪያጅ፤ ይታይ።»

«ይታይ» የምትለዋን ቃል ያድንቁልኝ። ማን ይየው? መቼ ይየው? አይቶስ ምን ያድርግ? አድራጊ በሌለው ግስ መናገር የአመራር የመጨረሻው እርከን ነው። ምክትሉም አዩትና «ለጠቅላላ አገልግሎት፤ በመመሪያው መሠረት ይፈጸም» ብለው መሩት። የትኛው መመሪያ እንደሆነ አልተጻፈም፤ መመሪያ ቁጥሩ ከተጠቀሰ ሰው ገልጦ ሊያነበው ይችላል። ጠቅላላ አገልግሎት ለግዥ፦ «ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ።» ግዥ ለፋይናንስ፦ «በጀት ስለመኖሩ ይረጋገጥልን።» ፋይናንስ ለዕቅድ ክፍል፦ «በዓመቱ ዕቅድ ስለመካተቱ ይገለጽልን።» ዕቅድ ክፍል ደግሞ ወደ እትዬ፦ «የጣሪያው ማፍሰስ በዕቅድ ያልተያዘበት ምክንያት በጽሑፍ ይብራራልን።»

ሰኔ ገባ። ደብዳቤው የሕንፃውን አራት ፎቅ ሁለት ጊዜ ዞሯል። ህዳጉ በፊርማ ሞልቶ ጀርባው ተጀምሯል። ያን ያህል መሪነት በአንድ ወረቀት ላይ ተከማችቶ አይቼ አላውቅም፤ ስድስት መሪ፣ ሦስት ምስማር፣ አንድም መሰላል የለም።

የድሮ ሰዎች ይህ ጥበብ አልበራላቸውም ነበር። ማዕረጎቻቸውን ይመልከቱ፤ ብዙዎቹ የመቆሚያ ቦታ ናቸው። ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ፊታውራሪ ከፊት። ሰው ሲሾም የት ቆሞ ጥይት እንደሚጠብቀው አብሮ ይነገረው ነበር። ፊታውራሪ ገበየሁማ የማዕረጋቸውን ስም የምር ወስደውት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከፊት እንደቆሙ ወደቁ። የእኛን መሥሪያ ቤት ቢያዩ ኖሮ «ግንባሩ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ብለው፣ ማምሻውን ቃለ ጉባኤ ፈርመው፣ በሰላም ጡረታ በወጡ ነበር።

ቤተ ክህነትም እንደዚያው የዋህ ናት። መሪጌታው ማኅሌት ቆሞ ዜማውን በራሱ ድምፅ ያነሳል፤ የቀሩት ይከተሉታል። ቢስት ሁሉም ይሰማል፤ ከኋላ የቆመ ተማሪ ሳይቀር ያውቅበታል። ዜማ «ለሚመለከተው» አይመራም። ስለዚህ ሰውየው ከመሾሙ በፊት ዓመታት ይማራል፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይሉት የለ። እኛ ቀለል አደረግነው፦ መጠምጠሙ ይቀድማል፤ መማሩ በአምስት ቀን ሥልጠና ይሟላል። ሥልጠናው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ነው፤ ከነውሎ አበሉ።

ከጥንቱ የቀረልን ማዕረግ ቢኖር «አዝማች» ነው፤ እሱም በሌላኛው ትርጉሙ። አዝማች ድሮ ጦር ይዞ ይዘምት ነበር። በዘፈን ውስጥ ግን አዝማች ማለት እየተመላለሰ የሚደገመው ስንኝ ነው። የእኛ አለቆች የዚህኛው ወገን ናቸው፦ «በቁርጠኝነት… በተቀናጀ መልኩ… ተጠናክሮ ይቀጥላል።» ግጥሙ በየሩብ ዓመቱ ይለወጣል፤ አዝማቹ አይነካም።

ሁለተኛው ምክሬ፦ የዘመኑን የአመራር መሣሪያ ሁሉ ያስመጡ፤ ከማሸጊያው ግን አያውጡ። ማይክል ሐመር የተባለ አሜሪካዊ በ1990 እ.ኤ.አ. «የማይረባ የሥራ ሰንሰለት ካላችሁ በኮምፒውተር አታፍጥኑት፤ ከነአካቴው አጥፉት» የሚል ሐሳብ ይዞ ብቅ አለ። ሐሳቡ አገራችን ሲደርስ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» ተባለ፤ በአፋችን ቢፒአር። በእኛ ቤት ምን ጠፋ? ስም ጠፋ። «መምሪያ» የነበረው «የሥራ ሂደት» ሆነ፤ የመምሪያ ኃላፊ የነበሩት «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተባሉ። ሂደቱ ባለቤት አገኘ እንጂ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ቀጥሎ ካፕላንና ኖርተን በ1992 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ቢኤስሲ መጣ፤ ድርጅት በገንዘቡ ብቻ ሳይሆን በደንበኛው፣ በውስጥ አሠራሩና በመማሩ ጭምር ይመዘን የሚል ሚዛን ነው። ተመዘንን። በየስድስት ወሩ ሁላችንም ከ90 በላይ እናመጣለን። ከ90 በታች የሆነው ጣሪያው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የውጤት ቅጽ አልሞላም።

ከሁሉ የወደድነው ካይዘን የተባለውን የጃፓኖች የማያቋርጥ መሻሻል ጥበብ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ኢንስቲትዩት ከተቋቋመለት ወዲህ አምስቱን «ማ»ዎች የማያውቅ የቢሮ ግድግዳ ያለ አይመስለኝም፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የእኛ አለቆች በመስታወት አስገብተው መዝገብ ቤት ሰቀሉት፤ ልክ ከሚያፈሰው ጥግ ሥር። ስድስተኛዋ «ማ» ማፍሰስ ሆነች።

የዚህ ጥበብ ዋና ቤት ከሆኑት አንዱ የጃፓኑ ቶዮታ ነው። እዚያ መገጣጠሚያው ላይ የቆመ ተራ ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ከራሱ በላይ የተዘረጋውን ገመድ ይስባል። ያኔ የቡድን መሪው ወደ እሱ ይመጣል፤ ነገሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። እዩት ጉዱን! አለቃ ወደ ሠራተኛ ሲገሰግስ! ለክብር የማይመች ነገር ስለሆነ ገመዱን ጃፓን ትተን ፖስተሩን ብቻ አመጣን። በእኛ ቤት የሚገሰግሰው ሠራተኛው ነው፤ የሚደርሰውም ጸሐፊዋ ጋ ነው፦ «ስብሰባ ላይ ናቸው።»

ሦስተኛው ምክሬ ስብሰባን ይመለከታል። ደብዳቤ መምራት ሲሰለችዎ ኮሚቴ ያቋቁሙ። ኮሚቴ ማለት ኃላፊነትን እንደ ድፎ ዳቦ ቆርሶ ለሁሉም ማዳረስ ነው፤ በመጨረሻ ማንም እጅ ላይ ፍርፋሪ እንጂ ዳቦ አይገኝም። እንግሊዛዊው ፓርኪንሰን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በጻፈው የቢሮ ሽሙጥ አንድ ኮሚቴ ለአቶሚክ ማብለያ 10 ሚሊዮን በሁለት ደቂቃ ተኩል ሲያጸድቅ፣ ለብስክሌት መጠለያ ግን 45 ደቂቃ ይጨቃጨቃል፤ አቶሚኩ ለአብዛኞቹ አይገባም፣ የመጠለያው ጣሪያ ግን ለሁሉም ይገባል። ሰውየው ቀልዶ ነው የጻፈው፤ እኛ እንደ መመሪያ ተቀበልነው። የእኛ የጣሪያ ኮሚቴ ሰባት አባላት ነበሩት። ሁለት ሰዓት ተወያዩ፤ ቆርቆሮው አረንጓዴ ይቀባ ወይስ ቀይ በሚለው ላይ ልዩነት ተፈጠረ፤ በመጨረሻ «ገንቢ ውይይት ተደርጎ አቅጣጫ ተቀመጠ»። ይህን ሁሉ ዓመት አቅጣጫ ሲቀመጥ ሰምቻለሁ። የት እንደሚቀመጥ ግን ማንም አሳይቶኝ አያውቅም፤ አንስቶ የሄደበትም አላየሁም።

«ይህ ሁሉ ስንፍና ነው» የሚሉ አላዋቂዎች አሉ። ስንፍና አይደለም፤ ሒሳብ ነው። የወሰነ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ የተሳሳተ ይጠየቃል። የመራ ሰው ግን ምን ተብሎ ይጠየቃል? ወረቀቱ እሱ ጋ የለም። ኦዲተር የተከፈለን ገንዘብ እንጂ የዘገየን ቀን አይቆጥርም፤ ለተገዛ ምስማር ደረሰኝ ይጠይቃል፣ ላልተገዛው ምስማር ማንንም አይጠይቅም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ጊዜው አልፎበታል። የዛሬው ጥንቁቅ አይበላም፣ አይወስንም፤ ስለዚህ አይሻርም፤ ስለዚህ አይቆጨውም።

ሐምሌ ገባ። የዓመቱ በጀት በሰኔ 30 ተዘግቷል፤ አዲሱ አልተከፈተም። ዝናቡ ግን በጀት ዓመት አያውቅም። በአንድ ሌሊት በዚያ ጥግ የነበሩት መደርደሪያዎች ራሱ። የተደረደሩባቸው የድሮ ሠራተኞች የግል ማኅደሮች ነበሩ። በሳምንቱ አንድ አባት ከዘራ ይዘው መጡ፤ ለጡረታ የአገልግሎት ዘመናቸውን ማስረጃ ይፈልጋሉ። እትዬ ማኅደሩን አወጡት። በእጅ የተጻፈው የ1974 ዓ.ም. የቅጥር ደብዳቤያቸው ሰማያዊ ውኃ ሆኗል። ፊደል የለበትም፤ ደመና ብቻ ነው። ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ አንዴ በፊት አንዴ በጀርባ፣ ደጋግመው አዩት። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወጡ። ሥራ አስኪያጁም በትሕትና ተነሥተው፣ እጃቸውን ጨብጠው፣ «አባቴ፣ ወደ ሰው ሀብት ይሂዱ» አሏቸው። ሰውየውንም መሯቸው።

ያን ዕለት ማታ ከመሪነት ሕግ ያፈነገጠ ድርጊት ተፈጸመ። የማታ ጥበቃው ጋሼ ከአጎራባች ግንባታ መሰላል ተዋሱ። ከኪሳቸው ሦስት የቆርቆሮ ምስማር ከነላስቲኩ ገዙ። የተረፈ ሬንጅ በጣሳ አሞቁ። ፕሮፎርማ አልሰበሰቡም፤ ቃለ ጉባኤ አልያዙም፤ «ይታይ» አላሉም፤ ወጥተው አዩት። ምስማሩን መትተው፣ ሬንጁን ቀብተው፣ ወርደው ሻያቸውን ጠጡ። ሃያ ደቂቃም አልፈጀባቸውም።

እንዲህ ያለ ሥርዓት አልበኝነት በዝምታ አይታለፍም። ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ዜናውን ሰሙ፤ ከሰዓት በፊት «ያለ ፈቃድ በመሥሪያ ቤቱ ንብረት ላይ ለውጥ ስለማድረግ» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ልብ ይበሉልኝ፤ ይህ ደብዳቤ ለማንም አልተመራም። በአንድ ጠዋት ተረቀቀ፣ ተተየበ፣ ተፈረመ፣ ቲተር አረፈበት። አለቆች ኃላፊነት መውሰድ አይችሉም የሚሉ ሰዎች ይፈሩ፤ ሲያስፈልግ ይወስዳሉ።

በጥቅምት የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሪፖርት ተሰማ። ከስኬቶቹ መካከል አንዱ «የመዝገብ ቤት ጣሪያ ጥገና፦ ዕቅድ 1፣ ክንውን 1፣ አፈጻጸም 100 ከመቶ» ይላል። አጨበጨብን። ኮሚቴውም የምስጋና ወረቀት ተሰጠው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ጥበቡ ይኸው ነው። ወንበሩ ይሽከረከራል፣ እስክሪብቶው ይጽፋል፣ የቀረውን ሌላ ሰው ያየዋል። ከተጠራጠሩኝ ማስረጃው አለ። የጋሼ ማስጠንቀቂያ ግልባጩ መዝገብ ቤት ተቀምጧል፤ ያኔ ያፈስ የነበረው ጥግ ካለው መደርደሪያ ላይ። ባለፈው ከባድ ዝናብ ማግስት ሄጄ ዳሰስኩት።

ደረቅ ነው።