የትኛው ዌብ?

«ለጌም የሚሆን አዲስ ሐሳብ አጣሁ» አለ አንዱ የባሌ ሮቤ ልጅ። ስሙልኝማ ጎበዝ! ሮቤ ካፌ ቁጭ ብሎ! ማኪያቶው ቀዝቅዟል፣ ላፕቶፑ ግሏል፣ እሱ ለብ ብሏል። ሐሳብ አልመጣም፣ ሂሳብ ግን መጥቷል። «ዌብ ላይ ያልፈለግኩበት ቦታ የለም» ይላል ደግሞ። የትኛው ዌብ ላይ? እኛ የምናውቀው ዌብ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ የሚያልፈው ወንዝ ነው። እዚያ ብትፈልግ ቢያንስ እግርህ ይረጥባል። እዚህ የሚያልቀው ካርድህ ብቻ ነው።

«ሁሉም ጌም ተሠርቶ አልቋል!» ማን ቆጥሮ ነገረህ? አንተ ያየኸው የስልክህን ስፋት ያህል ነው። ስድስት ኢንች አይቶ ዓለም አለቀች! ያለቀውስ ባትሪህ ነው።

«ሐሳብ ያለው ጃፓን ነው።» እሺ፣ ጃፓን እንሂድ፤ ቪዛውን በእኔ ጣለው። ሺጌሩ ሚያሞቶ በ1986 እ.ኤ.አ. «ዜልዳ»ን ሲያወጣ ሐሳቡን ያገኘው ከየት መሰለህ? ልጅ ሳለ በኪዮቶ ገጠር ጫካና ዋሻ ሲያስስ ከዋለበት ነው። የ«ፖኬሞን» አባት ሳቶሺ ታጂሪስ? በልጅነቱ ነፍሳት እያሳደደ ሲሰበስብ ነው ያደገው። «ፓክ-ማን»ን የሠራው ቶሩ ኢዋታኒ ደግሞ አንድ ቁራጭ የተነሣለት ፒዛ አይቶ ነው ይባላል። አየህ? ዋሻ፣ ጢንዚዛ፣ ፒዛ። ዋሻው አለህ፣ ጢንዚዛው አለህ፤ ፒዛውንም ትናንት በልተኸዋል። እሱ ቁራጩ ተነሥቶ ያየው ሐሳብ ሆነለት፤ አንተ ሙሉውን በልተህ እንቅልፍ ሆነብህ።

«ባሌ እኮ ብርድና ተራራ ብቻ ነው።» ወይ ጉድ! ባሌን የምትጠራው እንደ ኩርፈኛ ሚስት ነው፣ ለመማረር ብቻ! እስቲ ከጎባ ተነሥ። መጀመሪያ የአስታው ጫካ። ቀጥሎ ሳነቴ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና ትንፋሽህን በቁጠባ ትጠቀማለህ። ከጎኑ ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር። ከዚያ ቁልቁል ወደ ሪራ፣ ቀርከሃው። ከዚያ ሐረና፣ የዱር ቡናውና ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ። ደሎ መና ስትደርስ ሙቀቱ ሹራብህን ያስወልቅሃል። በአንድ መንገድ ስንት ሌቭል! ግራፊክሱንማ ዩኔስኮ አይቶ የባሌ ተራሮችን በመስከረም 2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቧቸዋል። አንተ ገና «ሎዲንግ» ላይ ነህ።

«ተኩስ የሌለበትን ጌም ማን ይጫወተዋል?» ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮን ቁጭ ብለህ እየው። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ግማሽ አካሉን ብቻ ያወጣል። ዓይኑ አናቱ ላይ ነው፤ ሣሩን እየነጨ ሰማይና ምድሩን ይቃኛል። ቀበሮው ሆዱን መሬት ያስነካል፣ ትንሽ ይራመዳል፣ ድርቅ ይላል፣ ደግሞ ትንሽ ይራመዳል። ፍልፈሉ አጠገብ የምትለቃቅም አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። እሷ ከጮኸች አለቀ፦ ፍልፈል ዳውንሎድ፣ ቀበሮ ጾም! ጥይት የለ፣ ቦንብ የለ፣ ልብ ግን ትመታለች። ደግሞም ቀበሮው ቀን የሚያድነው ለብቻው ነው፤ ማለዳና ማታ ግን ከቤተሰቡ ጋር ድንበር ይጠብቃል። ለብቻና በቡድን የሚጫወቱት፣ ሁለቱም ተሠርቶልሃል።

ተጨማሪ ሕይወት እንዳትጠይቀኝ ብቻ፤ ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 አይበልጥም፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው። የመጨረሻው ጠላት አንበሳ መስሎህ ከሆነ ተሸውደሃል። ከቤት ውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው! ተጫዋቹ ክትባት ይዞ ይሩጥ። ጠመንጃ የሚያማርህ ከሆነ መርፌ እንሰጥሃለን።

«የኛ ነገር አይሸጥም፣ ገጠሬ ነው።» ይኼ የመጨረሻ ካርዱ ነው፣ አሳልፉለት! ቅኔ ጌምስ የሚባሉት የአዲስ አበባ ልጆች ከሚያሳድዳት ገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ይዘው «ኩኩሉ»ን ሠሩ። ዶሮ እንኳ ጌም ሆና ሮጠች፤ አንተ ከወንበርህ አልተነሣህም! ገበጣስ? ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገበጣና መሰሎቹ ሲጽፉ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የአጨዋወት ዓይነት መዝግበዋል። አያቶችህ መሬት ቆፍረው፣ ጠጠር ለቅመው ከመቶ በላይ ደንብ አወጡ። አንተ ስምንት ጊጋ ራም ታቅፈህ አንድ አጣህ። ራሙስ ስምንት ነው፣ ራሱ ግን ስንት ነው?

ይልቅ ስማኝ። ወደ ሐረና ውረድና አንገትህን ቀና አድርግ። የባሌ ጦጣ ቀርከሃው ላይ ናት፤ ሌላ ምግብ ብዙም አይጥማትም። ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ምን ትፈልጋለች? ማን ይከለክላታል? ብትሳሳት ምን ታጣለች? ለቀበሮውም፣ ለፍልፈሉም፣ ቀፎ ለሚሰቅለው ሰውም ይሄንኑ ጠይቅ። መልሱን ኮድ ሳትነካ ወረቀት ላይ ጻፈው። ጠጠር ሰብስብና ከጓደኛህ ጋር ተጫወተው። ከሣቃችሁ ላፕቶፑን ክፈት፤ ካዛጋችሁ ወረቀቱን ቅደደውና ሌላ ጻፍ። ወረቀት ርካሽ ነው።

እናንተም ጌም ሠሪዎች ስሙ፦ ጨዋታ የሌለው ሰው ጨዋታ አይሠራም። ውጡና ተጫወቱ!