የአረፋ ኮሚቴ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በባልንጀራዬ ጋራዥ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰብ ኮሚቴ አለ። ሊቀ መንበር የለውም፤ ቃለ ጉባኤም አይያዝም። አጀንዳው ግን ምንጊዜም አንድ ነው፦ የዛሬው ድራፍት ምን ነካው?

ባልንጀራዬ ቢራ ይጠምቃል። ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 በፈረሙት ሕግ መሠረት ሁለት አዋቂዎች ያሉበት ቤት ለራሱ መጠጫ በዓመት እስከ 200 ጋሎን ያለ ቀረጥ መጥመቅ ይችላል። 750 ሊትር ያልፋል። እሱ ግን ሕግ የሚያስጥስ መጠን ላይ አልደረሰም፤ ግማሹ አረፋ ነዋ!

እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም። የጋኑ አፍ ይመረጋል፤ የቀረውን ጌሾና ብቅሉ እርስ በርስ ይጨርሱታል። እዚህ ጋዙ ከሲሊንደር ነው የሚመጣው። 19 ሊትር የሚይዘው የብረት በርሜል ፍሪጅ ይገባና ቢራው ጋዙን ቀስ እያለ ይጠጣል፤ ሳምንትም ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ኮሚቴው ያን ያህል ትዕግሥት የለውም።

በቀደም የመጀመሪያው ጃምቦ ሲቀዳ ከወገቡ በላይ አረፋ ሆነ።

«ጋዝ በዝቶበታል፤ ቀንሰው!» አለ አንዱ። ተቀነሰ። አረፋው ባሰበት። ሌላው አረፋውን እፍ ብሎ ከሥር ያለውን ቀመሰና «ኧረ ይሄ ሞቷል፤ ጨምርበት!» አለ። ተጨመረ። አሁን ጃምቦው ብቻ ሳይሆን ቀጂውም አረፋ ለበሰ።

የሚጨቃጨቁት ስለ አንድ በሽታ መሆኑን ማን ይንገራቸው? ቢራው ጋዝ ነበረው፤ መንገድ ላይ ሸሽቶ አረፋ ሆነ እንጂ። ከሥር የቀረው እሱ የከዳው ነው። ግፊቱ ሲቀነስ ደግሞ ጋዙ የሚይዘው ያጣና ቱቦው ውስጥ ይፈላል። 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለ ቢራ 12 ፒኤስአይ አካባቢ ይስማማዋል። የጎደለው ረጅም መንገድ ነው፤ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቱቦ ወደ 3 ሜትር ሲረዝም ቢራው እየተፋተገ ይሰክናል። የባልንጀራዬ ቱቦ ክንድ አይሞላም፤ «ለማጠብ ይመቻል» ብሎ ቆርጦታል።

ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ «ዝም ብላችሁ ነቅንቁት» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ቀዝቃዛ በርሜል ጋዝ ተለቆበት ሲወዘወዝ ጋዙ ቶሎ ይሰርጋል። የት ላይ ማቆም እንዳለብዎት ግን ማንም አይነግርዎትም፤ ከዚያ ወዲያ ትርፉን በክዳኑ ማስተንፈሻ ሲያወጡ መዋል ነው። ግን ጋሼ ከጀመሩ ማን ደፍሮ ይከለክላቸዋል?

ረጅም ቱቦ ተገዛ፤ አረፋው ልክ ገባ። ኮሚቴው ሊበተን ነው ስንል ቢራው ውኃ ውኃ አለ። ሲሊንደሩ ባዶ! መለኪያው ባለፈው ቅዳሜ ሙሉ ነኝ ብሎን ነበር። ነገሩ እንደ አንዳንድ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ነው፤ ውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈሳሽ ስለሆነ፣ ፈሳሹ እስኪያልቅ መርፌው ንቅንቅ አይልም፤ ሲያልቅ ግን በአንዴ ይወድቃል። ሲሊንደሩ ተሞልቶ ሲመጣ የባልንጀራዬ ሚስት ጋዙ የሚያመልጥበትን ልትፈልግ በበርሜሉ ክዳን ዙሪያ የሳሙና ውኃ ረጨች። ከጎማው ሥር ቡልቅ ቡልቅ አለ። በስንት መከራ ትክክለኛው ቦታ ላይ አረፋ አገኘን።

ከዚያ ወዲህ መለኪያውን የሚያምን የለም። ባዶ ክብደቱ ሲሊንደሩ አንገት ላይ ተቀርጿል፤ ባልንጀራዬም የሚስቱን ሚዛን ከመታጠቢያ ቤት አውርዶ ይመዝነዋል። እሷ ብትቆጣ አይፈረድባትም። የኮሚቴው አባላት በሙሉ ተራ በተራ ወጥተንበታል፤ ክብደት የቀነሰው ሲሊንደሩ ብቻ ነው።