ማር የላሰ ድርሰት

አዲስ አበባ ባዶ እጅ አይገባም። ይህን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። መጽሐፍ እንዴት እንደሚታተም ግን አላስተማረችኝም፤ እሷም አታውቅ፣ አያቴም አታውቅ። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከደሎ መና የተነሳሁት በአንድ ቦርሳ ሁለት ነገር ይዤ ነው፦ በቢጫ ጄሪካን አምስት ሊትር የሐረና ማር፣ ከሥሩ ደግሞ 186 ገጽ የአጫጭር ልቦለድ ረቂቅ። ማሩ አዲስ አበባ ለምታሳድረኝ ለአጎቴ ልጅ ነው። ረቂቁ ለማን እንደሆነ ገና አልታወቀም። ሁለቱን በአንድ ቦርሳ የከተትኩት ራሴ ነኝ፤ ጥፋቱን የማካፍለው ሰው የለኝም።

ወደ ማሩ ከመሄዴ በፊት ስለ ቤቴ በር ላውጋችሁ።

መና ቆላ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ ማንጎ ከየጓሮው፣ ግመል ከመንገዱ አይጠፋም። ቨርጂኒያ ዎልፍ የተባለች እንግሊዛዊት ደራሲ በ1929 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሴት ልቦለድ እንድትጽፍ በዓመት 500 ፓውንድና ቁልፍ ያለው የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል ብላለች። ፓውንዱን እንተወው። በሩን ግን ሞክሬዋለሁ። በመጋቢት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በር ቆልፎ የተቀመጠ ሰው የሚጽፈው ልቦለድ ሳይሆን ኑዛዜ ነው።

ስለዚህ በሬን ከፍቼ ነው የምጽፈው። በር ከተከፈተ ደግሞ ቤቱ የመንደሩ ነው። ስኳር ሊበደር የመጣው፣ እሳት ሊጭር የመጣው፣ እንዲሁ ጥላ ፍለጋ ጎራ ያለው ሁሉ «ምን እየጻፍሽ ነው?» ይላል። «ፈተና እያረምኩ» እላለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ፈተና አረምኩ። አማርኛ የማስተምረው በኦሮምኛ አፋቸውን ለፈቱ ልጆች ነው፤ የሳምንት ክፍለ ጊዜዬም ያን ያህል አይደለም። ይህን ሁሉ ፈተና ከየት እንደማመጣው ማንም አልጠየቀኝም። አንዲት ጎረቤቴ ብቻ አንድ ቀን አዘነችና «ቲቸር፣ እነዚህ ልጆች ምን ቢያደርጉሽ ነው?» አለችኝ።

እውነቱን ያልተናገርኩት ፈርቼ ነው። ወንድ ሲጽፍ «አትረብሹት፣ ደራሲ ነው» ይባላል፤ ጫትም ይገዛለታል። ሴት ስትጽፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ማን እንደምትጽፍ ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ሁሉም በየገጹ ራሱን ይፈልጋል።

ወደ ማሩ። አባዱላው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሳል ተብሎ፣ ሞልቶ የተንቀሳቀሰው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው። ከመና ጎባ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ቁጥሩ ግን ስለ መንገዱ ምንም አይናገርም። መጀመሪያ ሙቀቱ አለ። ከዚያ የሐረና ደን፤ ቡናው ማንም ሳይተክለው ከትልልቅ ዛፍ ሥር የሚበቅልበት፣ ቀፎው ዛፍ ላይ የሚሰቀልበት። ከሪራ መንደር በኋላ አስታው ይከተልና ድንገት ዛፍ የሚባል ነገር ያልቃል፤ ሳነቴ ደረሳችሁ ማለት ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የተዘረጋ ሜዳ፣ ጅብራው እንደ ዘበኛ እዚህም እዚያም ቆሞ፣ 4,377 ሜትሩ ቱሉ ዲምቱ በጉም ተከናንቦ። ቀይ ቀበሮ ዐይጥ ታደባ ነበር። ፈረንጅ እሷን ለማየት ባሕር ይሻገራል፤ እኛ አየናትና መስኮቱን ዘጋን። ብርድ ነበራ።

መስኮቱ ከመዘጋቱ አንድ ነገር «ጷ!» አለ።

ሹፌሩ ጎማ መስሎት ቆመ። ረዳቱ ወርዶ አራቱንም ጎማ በእግሩ ነረተ፤ ደህና ናቸው። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ አየሩን አሸተት አሸተት አደረጉና «ዳማ!» አሉ። በኦሮምኛ ማር ማለት ነው። ሰው ሁሉ ወደየዕቃው ዞረ። እኔ ግን መዞር አላስፈለገኝም፤ ጉልበቴ ላይ የነበረው ቦርሳ ቀሚሴን አጣብቆ ይዞታል።

በኋላ የፊዚክስ መምህር የሆነ ባልደረባዬ በስልክ እንዳስረዳኝ፣ ክዳኑን ጠርቅሜ የዘጋሁት መና ላይ ነው፤ ጄሪካኑ ውስጥ የቀረውም አየር የቆላ አየር ነው። ሽቅብ በወጣን ቁጥር የውጪው አየር ይሳሳል፣ የውስጡ ይገፋል፣ ፕላስቲኩ ይነፋል፣ በመጨረሻ ክዳኑ ይሄዳል። «የብስኩት ላስቲክ ሳነቴ ላይ እንደ ፊኛ ሲወጠር አላየሽም?» አለኝ። አይቻለሁ። ከሥነ ጽሑፍ ጋር ግን አላገናኘሁትም።

ጎባ ስንደርስ ረቂቁ አንድ ወጥ ጡብ ሆኗል። ማሩ በብርዱ ጠጥሮ ገጽ ከገጽ አይለይም። አክስቴ ቤት ገብቼ ጡቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና አለቀስኩ። አክስቴ አልቅሼ እስኪበቃኝ ጠበቀች፤ ከዚያ ድስት ጣደች።

«በእንፋሎት ይላቀቃል» አለች።

«ከየት አወቅሽ?»

«የእህቴን የፍቅር ደብዳቤ እንዲህ ነበር የምከፍተው።»

እህቷ እናቴ ናት። ይህ ሌላ ወግ ይወጣዋል፤ ይለፈኝ።

ከሰዓት በኋላ ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶች ገቡ፤ ሐጅያ፣ የቄሱ ባለቤት፣ ሌሎችም ሦስት አራት ሴቶች። ቤቱ ጠረኑ የዕጣንና የማር ነው። አክስቴ ለእያንዳንዳቸው ጥቂት የተጣበቀ ወረቀት አደለቻቸው፣ ስፒናች ለመቀንጠስ እንደሚታደለው። ሐጅያ ሂና የነካ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ከወረቀቱ ጠርዝ ሥር ሰደድ ያደርጋሉ፣ በእንፋሎቱ ላይ ያንዣብቡታል፣ እፍ ይሉበታል፣ ደግሞ ሰደድ። አንዲት ፊደል አልቀደዱም። ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው የአክስቴ ልጅ ደግሞ የተላቀቀውን ገጽ በመስኮቱ ብርሃን ላይ አድርጋ፣ ቅደም ተከተሉን ለማወቅ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነባለች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው፤ ወይም የተቃናው። ሴቶቹ ወረቀት መላጥ ትተው ታሪኩን ያዙ። «ቀጣዩ ገጽ የማን እጅ ላይ ነው?» «እኔ ጋ የለም!» «እፍ በይበት፣ ቶሎ በይ!» ሦስት ዓመት ፈተና ነው ያልኩት ነገር አንድ ከሰዓት በኋላ ጎባ ውስጥ ተነበበ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ጣቶቼን እየላስኩ እሰማለሁ።

አንዱ ታሪክ ባሏ ስላገባባት ሴት ነው። ጣውንቷ መጀመሪያ ቀን ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ የምትናገረው ረዥም ንግግር አለ፤ እኔ የምወደው፣ ስንት ሌሊት የፈጀብኝ። የአክስቴ ልጅ አንብባ ስትጨርስ ሐጅያ ጥፍራቸውን ከወረቀቱ አወጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ማን ነገረሽ?»

«ከራሴ ነው፣ ሐጅያ።»

«ያስታውቃል። ጣውንት መጀመሪያ ቀን አትናገርም። ዝም ብላ መጥረጊያው የት እንዳለ ነው የምትጠይቅ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሐጅያ መጥረጊያ የጠየቁት እሳቸው ይሁኑ፣ የተጠየቁት እሳቸው ይሁኑ፣ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን አንድ ገጽ ተኩል ንግግሬን በአንድ መጥረጊያ ጠረጉት። የጎጃሟን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አሰብኩ። ዐይነ ስውር ሆነው ለስንት ወንድ ተማሪ ቅኔ አስተማሩ። ዩኒቨርሲቲ ስለሳቸው ሰምቼ «እንዴት ተቻለ?» ብዬ ነበር። የአክስቴ ቤት ውስጥ ያ ጥያቄ ትንሽ አሳፈረኝ።

ማታ ላይ ገጾቹ ተቆጠሩ፤ 185። ገጽ 43 የለም። ፍለጋ ተደረገ። የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ የሦስት ዓመቱ፣ አልጋ ሥር ተገኘ፤ ገጹን በማሩ ልክ ልሶ ልሶ፣ የቀረውን አላምጦታል። ሴቶቹ አላዘኑም። ገጽ 43 ላይ ምን መሆን እንዳለበት ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁ ነበርና ቁጭ ብለው አወሩት፤ የአክስቴ ልጅ ደብተሯ ላይ ጻፈችው። እኔ ፍላሽ ላይ ዋናው አለ ብዬ ንቄ አላዳመጥኩም።

አዲስ አበባ ደረስኩ። ከጎባ ጎረቤት ከሮቤ 430 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስለዚህኛው መንገድ የምለው የለኝም፣ ተኝቼ ነበር። የሄድኩበት የኅትመት ቢሮ ያለው ሰውዬ ማር ማር የሚለውን ክምር በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገና «ሶፍት ኮፒ የለሽም?» አለ። ፍላሹን ሰጠሁት። ሲከፍተው 186 ገጽ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክትና የዶላር ምልክት ተደርድሮ ታየ። የተየበችልኝ ልጅ የተጠቀመችው የድሮ የግዕዝ ፊደል ነው፤ ያ ፊደል የሌለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛው አማርኛ አይሆንም። ሰውዬው ስክሪኑን ትንሽ አየና «የሙከራ ግጥም ነው?» አለኝ። ቀልደኛ ነው።

ከማሩ ክምር ላይ ሁለት ሦስት ገጽ አነበበ። ፊቱ ተለወጠ፤ ደስ አለኝ። ቀና ብሎ «እህቴ፣ ማን ነው የጻፈልሽ?» አለ።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ»ን ያሳተሙት በ1942 ዓ.ም. ነው። በጣሊያን ጊዜ አሲናራ ደሴት ታስረው ተመልሰዋል፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፣ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። እሳቸውን «ማን ጻፈልሽ?» ያላቸው ሰው ይኖር ይሆን? የከንቲባ ገብሩ ልጅ ናቸው፣ አውሮፓ ተምረዋል፤ ማንም አልደፈረም እላለሁ፣ ቢያንስ ፊት ለፊት። የእኔ አባት ጎባ ጨው ይሸጥ ነበር። መዓዛ መንግሥቴም በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ ስትሆን አጨብጭበናል፤ ጣሊያንን ስለተዋጉ ሴቶች በጻፈችው ልቦለድ ነው። ከእኔ ጭብጨባ እስከ እሷ መድረክ ያለውን መንገድ ግን ሳነቴ ላይ ቆሜ ብፈልገው አይታየኝም። በ1953 ዓ.ም. የተመሠረተው የደራስያን ማኅበርም፣ የሴት ደራስያን ማኅበሩም አዲስ አበባ ናቸው። እኔ ሳነቴ ማዶ ነኝ።

ለሰውዬው «ራሴ ነኝ» አልኩት። «እንግዲያው ከፋይዋም ራስሽ ነሽ» አለ። ከአንድ ሺህ ኮፒ በታች ማሽን አይነሳም፣ ክፍያው ቅድሚያ ነው፣ ወረቀት በውጭ ምንዛሪ ስለሚገባ ዋጋው የሚጸናው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው። ከኅትመት በኋላም አከፋፋይ አለ፣ አዟሪ አለ፤ ከሽፋን ዋጋው ለደራሲዋ የሚተርፈውን ሲያሰላልኝ በካልኩሌተር አልነበረም፣ በጣቱ ነው። የአጎቴ ልጅ ቤት የደረሰው ማር ደግሞ አንድ ብርጭቆ ሞላ።

ጎባ ተመልሼ ለአክስቴ ነገርኳት። እሷ የሰፈሩ ሴቶች እቁብ ዳኛ ናት። እቁቡ ለሰርግ ተከፍሏል፣ ለበሬ ተከፍሏል፣ ለቆርቆሮ ተከፍሏል፤ ለተረት ተከፍሎ አያውቅም። ክርክር ሆነ። የቄሱ ባለቤት «ቆርቆሮ ቢያንስ ዝናብ ይከላከላል» አሉ፤ ልክ ናቸው። ያን ሳምንት ዕጣው የወጣው ለሐጅያ ነበር። ሐጅያ ዕጣቸውን ለእኔ ለቀቁ፤ እኔም እቁቡ ውስጥ ገባሁና የእኔን ተራ እሳቸው ወሰዱ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስቀመጡ፤ መጥረጊያዋ ትግባ።

ገባች። ከክረምቱ የቀረውን ጊዜ መና ላይ በሬን ከፍቼ እንደገና ተየብኩት፣ በራሴ ጣት፣ በሁሉም ኮምፒውተር በሚነበብ ፊደል። ገጽ 43 ላይ ስደርስ የእኔን የድሮውን ጻፍኩ። ደረቀብኝ። ወደ ጎባ ደውዬ የአክስቴን ልጅ ደብተሯን እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። «ምን እያደረግሽ ነው?» ላለችኝ ጎረቤቴ «መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው» አልኳት። «ፈተናው አለቀ?» አለች፣ ስኳሯን ይዛ ሄደች።

ባለፈው ሳምንት የእቁቡን ብር ልቀበል እንደገና ሳነቴን ልወጣ ተሳፈርኩ። ጄሪካኑን በጉልበቶቼ መሀል ይዣለሁ፤ በየዳገቱ ክዳኑን ላላ አደርግለታለሁ፣ ይተነፍሳል። ረቂቁ ሹፌሩ ጋ ነው፣ ፊት ለፊት። ሪራ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ሐጅያ ናቸው።

«ያቺ ሴት፣ ልጇ ዳነላት?»

በዋናው ድርሰቴ ላይ የታመመ ልጅ የለም። ገጽ 43 ላይ እነሱ ያመጡት ነው። እስከ መጨረሻው ታሪክ ድረስ ልጁ ይዳን አይዳን አልጻፍኩም፤ ጭራሽ አላሰብኩበትም።

«ሐጅያ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ልል አፌን ስከፍት ኔትወርኩ ሄደ።