ሳንቃ በርን ማፕ ማድረግ

ደባርቅ ጌም ቤት ያደገ የካውንተር ስትራይክ ተጫዋች “ደስት ቱ” የሚባለውን ማፕ የሰፈሩን ያህል ያውቀዋል። የትኛው በር ጀርባ ሰው እንደሚያደባ፣ የትኛው ሳጥን ላይ ተዘሎ የትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚወጣ አይጠፋውም። ያ አሸዋማ ከተማ ግን በምድር ላይ የለም። ዴቭ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት በ1999 (እ.ኤ.አ.) ገና ያልወጣ የሌላ ጌም ምስሎችን አይቶ የመጀመሪያውን “ደስት” ሠራ፤ ሁለተኛው በ2001 ተከተለ። አንድ ልጅ ቤቱ ተቀምጦ የሠራው ቦታ እኛ ጋ ድረስ ከመጣ፣ ከደጃችን፣ በስሜን ተራሮች ፓርክ ያለው ሳንቃ በር ማፕ የማይሆንበት ምክንያት አልታየኝም።

መንገዱን የከፈተው ዱም ነው። በ1993 ሲወጣ ማፑ ከጌሙ ፕሮግራም ተለይቶ በራሱ ፋይል ስለተቀመጠ፣ ተጫዋቾች ብዙም ሳይቆዩ የየራሳቸውን መሥራት ጀመሩ። ካውንተር ስትራይክም ራሱ ተጫዋቾች “ሃፍ ላይፍ” በሚባለው ጌም ላይ የሠሩት ነበር። ማፕ መሥሪያው ሀመር ይባላል፤ በነፃ ይገኛል፣ አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል።

አስቀድሞ የገጠመኝ የቁመት ጣጣ ነው። በዚህ ጌም የቆመ ሰው 72 ዩኒት ይረዝማል፤ ዓለሙ በሙሉ ከወለል እስከ ጣሪያ 8192 ዩኒት ነው። ሲሰላ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይመጣል። የስሜን ገደል ግን እስከ 1,500 ሜትር ይወርዳል! ገደሉን አሳንሶ ማስገባት ይቻላል፤ ያኔ ግን ተጫዋቹ ግዙፍ ይሆንና ከአፋፉ ቆሞ ወደ ታች ሲያይ አንጀቱ አይላወስም። እኔ ደግሞ ከሁሉ አስበልጬ የፈለግሁት ያንን ስሜት ነው። ስለዚህ ቁመቱን ሳልነካ፣ ከአፋፉ በታች ያለውን የላይኛውን ክፍል ብቻ ቆርጬ ወሰድኩ።

ቀጥሎ የተኩሱ ነገር መጣ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ደርሶ ያደረሰውን የሚያውቅ ሰው፣ በዚሁ አካባቢ ተራራ ላይ የቦምብ ማጥመጃ ምልክት ለማስቀመጥ እጁ አይታዘዝለትም። የእኔም አልታዘዘኝም። ደግነቱ ካውንተር ስትራይክ መውጣት ብቻ የሚጠይቁ ማፖች አሉት፤ ስማቸው “ኬዚ” ብሎ ይጀምራል። ከታች ያለው ቁልፍ ሲነካ ሰዓት ይቆጥራል፣ ጫፍ ላይ ያለው ሲነካ ይቆማል፤ የሚገደል ሰው የለም። ተጫዋቹ ቆሞ ሲዘል 45 ዩኒት፣ እግሩን ሰብስቦ ሲዘል 63 ያህል ይወጣል። እያንዳንዱን የድንጋይ እርከን በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ለካሁት።

የከፋው ግን ሰማዩ ነው። ይህ አሮጌ ጌም ክፍት ሜዳ አያውቅም፤ ለእሱ ዓለም ማለት በስድስቱም ወገን የተደፈነ ክፍል ነው፣ ሰማይም የሰማይ ምስል የለበሰ ግድግዳ ነው። አንዲት ቀዳዳ ከተገኘች “ሊክ” ይልና ከየት ቦታ ምን እንደሚታይ ማስላቱ ይቀራል። ገደል ደግሞ በሦስት ማዕዘን ቁርጥራጭ ነው የሚሠራው፤ ጠርዝ ከጠርዝ ሳይዛነፍ መግጠም አለበት፣ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ቁራጭም ፕሮግራሙ አይቀበልም። ሊክ ሲኖር ሀመር መውጫውን በቀይ መስመር ያሳያል። የእኔ መስመር ከተጫዋቹ መነሻ ተነሥቶ፣ በአስታው መሐል ሽቅብ ወጥቶ፣ አፋፉ ላይ ካቆምኳት ጅብራ ሥር ሾለከ። ቀርቤ ሳየው ሦስት ቁራጮች የሚጋጠሙበት ቦታ አንድ ዩኒት ብቻ ከፍቷል። እሱን ስደፍን መስመሩ በሌላ በኩል ወጣ።

ሁሉን ነገር በአንድ ትልቅ ሳጥን መክደን እንደሚቀል የሚመክር አለ። አልወድም። ያኔ ጌሙ ከገደሉ ጀርባ ያለውን የማይታይ ነገር ሁሉ ሊያሰላ ይገባና ላፕቶፑ ይንቀራፈፋል።

በመጨረሻ ተደፈነ። ስሌቱን ማታ አስጀምሬ ተኛሁ፤ ሌሊት መብራት ሄደ። ባትሪው የደከመ ስለሆነ ጠዋት ያገኘሁት ጨለማ ስክሪን ነው፣ ስሌቱም ከዜሮ ይጀምራል። መፍትሔውን የሰጠኝ ቦታው ራሱ ነው። ሳንቃ በር የተቀመጠው በጠባብ የተራራ ጀርባ ላይ ነው። ያንን ጀርባ በትክክል ከፍ አድርጌ ስሠራው ሁለቱ ወገኖች መተያየታቸው ቀረ፤ ስሌቱም መብራት ሳይሄድ አለቀ።

ማፑ ላይ የሚታየውን ጭላዳ ዝንጀሮ የሠራሁት ከፎቶ ነው። ምስሉ ከ256 ቀለም አይበልጥም፤ ሰማያዊ የተቀባው ክፍል በጌሙ ውስጥ አይታይም። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ እንዳይደበዝዝ ከሌላው ቀለም ቀንሼ ለእሱ ሰጠሁት፣ ሣር ሲነጭም አማረ። ጌም ቤት ሲጫን ግን ልጆቹ መውጣቱን ትተው በጩቤ እየዞሩ ይወጉት ጀመር። አንደኛው በጎን ዞረና “ጋሼ፣ ዝንጀሮው ጠፋ!” ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው፤ ጠፍጣፋ ምስል በጎን ሲያዩት የለም። አሁን ሁለት ምስል አቆላልፌ አቁሜዋለሁ።

የፓርኩን መንገድ በእግሩ ለሚያውቅ አንድ ስካውት ላፕቶፑን ከፍቼ “አያ፣ ይመስላል?” አልኩት። ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና፣ “አንተ ልጅ፣ ጂንባር የታለ? ፏፏቴው እኮ ከዓይን በፊት ጆሮ ነው የሚደርሰው” አለኝ። ልክ ነው። ድምፅ ማስገባት ይቻላል፤ ፋይሉ ውስጥ የመመለሻ ምልክት ካልተደረገ ግን አንዴ ተሰምቶ ዝም ይላል። በበጋ የቀዳሁት ውሃው ቀጥኖበታል፤ ክረምት ሲገባ እንደገና እሄዳለሁ።

እስከዚያ ልጆቹ ከጅብራዋ በላይ ያለውን ባለ 63 ዩኒት እርከን ዝቅ አድርግልን እያሉኝ ነው። አላደርገውም።